ውሃ የጣለው ወታደር

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ እኛ አዛቃ የምንለው፣ ሲጮህ ሰው ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ነገር ጠባዩን ይናገራል። እናቴ ምድጃውን አጥፍታ የስኳር መድኃኒቷን ትይዛለች። አባቴ ባርኔጣውን ይይዛል። አቲቆት ሰፈር ያለው የወላጆቼ ሕንፃ አሮጌ ስለሆነ በየቤቱ መጠለያ ክፍል የለውም፤ ሁሉም ደረጃውን እየተጋፋ ምድር ቤት ወዳለው የጋራ መጠለያ፣ ወደ ሚክላቱ፣ ይወርዳል። ፊት ለፊት የሚኖረው ሩስያዊ ጎረቤታችን ግን ውሃውንም መታወቂያውንም ትቶ አንድ ትልቅ ባለ ፍሬም ፎቶግራፍ አቅፎ ነው የሚወርደው። ፎቶው የአባቱ ነው። ደረታቸው ላይ ሜዳልያው ከመብዛቱ የተነሳ ኮታቸው በአንድ በኩል ወደ ታች ተጎትቷል።

ሚክላቱ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ጥቂት ናቸው። ጎረቤታችን አንዷን ይስብና አባቱን ያስቀምጥባታል። ራሱ አጠገቧ ይቆማል። ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበው አባቴም ይቆማል።

«ሕያው ቆሞ ሥዕል ተቀመጠ» ትላለች እናቴ በየጊዜው፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ።

(ዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ ጎረቤታችን በዕድሜ አባቴን የሚያህል ቢሆንም በለመድኩት አፍ አንተ እያልኩ እጽፈዋለሁ። አባቴንም አንተ የምለው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ያ በዕብራይስጥ አይሳበብም።)

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወዳጅ የሆኑት እዚያው ሚክላት ውስጥ ነው። አዛቃው ካለፈ በኋላ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። የሚያወሩበት ዕብራይስጥ የሁለቱም አይደለም፤ ግማሹን በእጅ ይሞሉታል። አንድ ቀን አባቴ ፎቶውን አይቶ አይቶ፣ «የኔም አባት ተዋግቷል» አለ።

«ከማን ጋር?»

«ከጣልያን ጋር። ጎንደር ላይ። ያንተ አባት ገና የጫማቸውን ክር ሲያስሩ የኔ አባት ጦርነቱን አጋምሶት ነበር።»

ጎረቤታችን አልተቆጣም። በትሕትና፣ «ዬሽ ኔያር?» አለ። ወረቀት አለህ ወይ ማለቱ ነው። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የተጠየቅነው ይህንኑ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው መወለዱም ያጠራጥራል። አባቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

የአያቴን ታሪክ እኛ የልጅ ልጆቻቸው እንደ ጸሎት በቃላችን እናውቀዋለን። አያቴ መትረየስ ተኳሽ ነበሩ። ጣልያን ጎንደር ላይ ተከቦ በተያዘ ጊዜ ደረታቸውን በጥይት ተመቱ፤ ጥይቷ ሳትወጣ ቀረች፤ እስኪሞቱ ድረስ ያስላቸው የነበረውም እሷ ናት። ይህን ታሪክ እናቴ ብቻ ናት ፊት ለፊት የምትዳፈረው።

«እኔ ሳገባ ጥይቷ ትከሻቸው ላይ ነበረች» ትላለች። «የመጀመሪያዋን ልጅ ስወልድ ደረት ገባች። አውሮፕላን ስንሳፈር ልብ ልትነካ ምንም አልቀራትም።»

አባቴ የፈለገው ግን መከራከር አልነበረም። በየዓመቱ በግንቦት፣ ናዚ ድል በሆነበት ቀን፣ ከሩስያ የመጡት አዛውንትና ልጆቻቸው መሃል ከተማ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ የአባቱን ወይም የአያቱን ፎቶ በእንጨት ላይ ለጥፎ ከፍ አድርጎ ይይዛል። አባቴ ለዓመታት ሰልፉን ከእግረኛ መንገድ ዳር ቆሞ አይቶታል። ከአባቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር በእጁ የለም። ፎቶ አልተነሡም። መቃብራቸው ጎንደር ነው፤ ድንጋዩ ቆሞ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

«ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ልሂድ» አለኝ። «ወረቀቱን ፈልጊልኝ።»

እኔ የኩፓት ኾሊም፣ የጤና መድን ክሊኒክ፣ ነርስ ነኝ። ደም እቀዳለሁ፣ ቁስል እጠርጋለሁ፣ ክኒን የሚሰለቻቸውን አሮጊቶች እለማመጣለሁ። የጦር ሠራዊት መዝገብ ፍለጋ ሙያዬ አይደለም። ሆኖም በዚያ ከበባ የአገሬውን ሰው ያዘምቱ የነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች እንደሆኑ፣ ወረቀታቸውም እንግሊዝ አገር እንደሚገኝ አነበብኩ። እዚያ ላለ አንድ የድሮ ወታደሮች መዝገብ ቤት ጻፍኩ። አንዲት ሴት ደግ መልስ ላከችልኝ። የወታደሩን ሙሉ ስም፣ የቤተሰብ ስምና የልደት ቀን ጠየቀች።

«የልደቱ ቀንስ ከአንበጣው ዓመት በኋላ፣ ገብስ ሲታጨድ ነው» አለ አባቴ። «ስሙን ደግሞ ጻፊ።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን እያለ ሰባት አባት ቆጠረልኝ። የኛ ሰው ሰባት ትውልድ ሳይቆጥር ልጅ አይድርም፤ ለአባቴ ሙሉ ስም ማለት ያ ነው።

እናቴ ከማጀት፣ «ለጋብቻ ነው እንዴ? እንግሊዟ ልጅ ልትሰጠን ነው?» አለች።

እኔም ሰባቱንም ጽፌ ላክሁ። ሴትዮዋ በትሕትና፣ ከሰባቱ ሰዎች ወታደሩ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

መጠበቁ ረዘመ። አባቴ ከሥራ ደክሜ እነሱ ቤት ስገባ ሻይ ሳልጠጣ፣ «ለንደን ምን አለች?» ይለኛል፣ ለንደን የተቀየመች ምራት ይመስል። አግዳሚው ላይ ደግሞ ጎረቤታችን በተራው «ዬሽ ኔያር?» ይላል። አባቴ «በመንገድ ላይ ነው» ይላል።

በመጨረሻ መልሱ መጣ። ክሊኒክ ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ሴትዮዋ ስሙ የብዙ ሰው ስም በመሆኑ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ነገር ግን ከአንድ የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት በተረፉ ካርዶች ውስጥ አንዱ ላይ ስሙም፣ የአባቱ ስምም፣ የመንደሩ ስምም ገጠመላት። ጎሳ በሚለው ቦታ ላይ «ፈላሻ» የሚል ቃል ተጽፏል። አባቴ በልጅነቱ ገበያ መንገድ ላይ በዚህ ቃል ተሰድቦ፣ አብሮት በተወረወረ ድንጋይ ቅንድቡ ተፈንክቷል። ኋላ ስነግረው፣ «ያ ስድብ በዕድሜው አንድ ቀን ጠቀመኝ» አለ።

ካርዱን ያነበብኩት ግን እንደ ነርስ ነው። ሥራ፦ በቅሎ ጫኝ። ሕመም፦ የሳንባ ምች። ምክንያት፦ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ። ከታች የሐኪሙ ጽሑፍ አለ፤ ሐኪም በየትም አገር ጽሑፉ አንድ ነውና እሱን ማንበብ አልቻልኩም። ጥይት ፈለግሁ። ካርዱን በስልኬ አስፍቼ አጥብቤ፣ የጀርባውንም ፎቶ ከፍቼ ፈለግሁ። ጥይት የለም።

እውነቱን ለመናገር መዋሸት አማረኝ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ከቤታችን እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት ትንሽ ጥይት በትርጉም ውስጥ ጣል ባደርግ ማን ያውቃል? አባቴ በኩራት ይሰለፋል፣ ጎረቤታችን ዝም ይላል፣ እናቴ ብቻ ትጠረጥራለች። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ጥይቷን ሳስገባና ሳወጣ ወላጆቼ ቤት ደረስኩ። በሩን የከፈተልኝ ራሱ አባቴ ነው። ፊቱን ሳየው መዋሸት አልቻልኩም።

«ጥይቷስ?» አለ ማእድ ቤት እንደተቀመጥን።

«ጥይት የለም አባዬ።»

«በደንብ አይተሻል?»

«ጀርባውንም አይቻለሁ።»

«መትረየሱስ?»

«በቅሎ ነው የሚለው። በቅሎ ይጭኑ ነበር።»

ትንሽ አሰበ። «መትረየስ በራሱ እግር አይሄድም። በቅሎዋ መትረየስ ጭና ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«እና ምን መታው?»

«ውሃ» አልኩ።

እናቴ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ፣ «ውሃ ጣለው ሲባል ግን ዛሬ ገና ነው።»

አባቴ አልሳቀም። ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ። ሳቄን መቆጣጠሬ እሱን አልረዳውም፤ ነገሩ አሳዘነኝ። አንድ ሰው በሰማንያ ዓመቱ አባቱን አገኘ ሲባል ጥይቱንም መትረየሱንም ተነጠቀ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ መውጣት ተወ። እግሬን አመመኝ አለ። አዛቃ ሲጮህ እንኳ ሚክላቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቆማል። ጎረቤታችን አባቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ «እና፣ ዬሽ ኔያር?» ሲለው፣ «ፖስታው ዘገየ» ይላል። ጎረቤታችን ስለ ፖስታ ቤቱ ሲያማርር አባቴ አንገቱን ደፍቶ ያግዘዋል።

እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ እንጀራዬ ነው። በክሊኒካችን ፋርማሲው ያቃተውን ወረቀት ይዞ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው፤ አንድ የሞተ እንግሊዛዊ ሊያሸንፈኝ አይገባም። ካርዱን አሳትሜ በዕረፍቴ ሰዓት ፊደል በፊደል አወጣሁት። ዓርብ ቀትር ላይ ይዤው ወደ አቲቆት ሄድኩ። እናቴ ለሰንበት ዳቦ ጋግራ ጨርሳ ነበር። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ የቀረ ጽሑፍ አለ» አልኩት።

«ደግሞ ምን ሊሆን? ከአህያ ወድቆ ነው?»

እንዲህ እያልኩ አነበብኩለት፦ «ይህ ሰው በየምሽቱ ከነልብሱ ጅረት ውስጥ ይታጠባል። ጅረቱ ከጠላት ምሽግ ስለሚታይ ተከልክሏል፤ ተቀጥቷልም። ቤቴ ስገባ ንጹሕ መሆን አለብኝ ይላል። ቤቱ ሩቅ እንደሆነ፣ ዛሬም ነገም እንደማይገባ ነገርነው። ቢሆንም ይላል።»

አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። እንግሊዝኛ አያነብም፤ ግን ወሰደው።

ለልጆቼ እንደማስረዳቸው ላስረዳ። በዚያ አገር የኛ ሰው ከወገኑ ውጪ የሆነ ሰው ከነካው በወራጅ ውሃ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር። ለዚህ ነው ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» የሚሉን፤ ገና ከሩቅ «ውሃ ውሃ ሸተተን፣ እነሱ መጡ» እያሉም ይቀልዱብን ነበር። እኔ የመጣሁት በልጅነቴ ስለሆነ ወንዙን በጭላንጭል ነው የማስታውሰው። እዚህ ሁላችንም ቧንቧ አለን፣ ሁሉም ሁሉን ይነካል፣ እኔማ ሰው መንካት ሥራዬ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ግን ማን ሳይነካ ያድራል? አያቴ በአንድ ድንኳን ከስንቱ ጋር እየተኙ፣ የስንቱ እጅ ያለፈበትን የበቅሎ ገመድ እየያዙ፣ ማታ ማታ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ነገ ቤቴ እገባለሁ ብለው ሳይሆን፣ የሚገቡበት ቀን ሳይታጠቡ እንዳያገኛቸው ይመስለኛል።

አባቴ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ «ይሄ አባቴ ነው» አለ።

ከዚያ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ። «ገበያ ውሎ ሲመጣ ከመንደሩ በታች ወንዙ ጋ ይቆማል። እኛ ልጆቹ ከላይ አጥሩ ጋ ሆነን እናየዋለን። ሸንኮራ ይዞልን ይሆናል፤ ግን መሮጥ ክልክል ነው። ሳይታጠብ ከነካነው እኛም ውሃ መግባታችን ነው፣ ውሃው ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ቆመን እንጠብቃለን። ከውሃው ሲወጣ ያስለዋል። ያቺ ሳል ከላይ ድረስ ትሰማለች። ያን ጊዜ እናታችን ‹በሉ› ትለናለች፣ እኛም እንሮጣለን። ማን ቀድሞ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል ነው።»

«ጥይቷስ ከየት መጣች ታዲያ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ለስልሷል።

«እሱ ስለ ጥይት ተናግሮ አያውቅም። እኛ ልጆቹ ነን ያስገባንበት መሰለኝ። ሌሎቹ ልጆች አባታችሁ ለምን ያስለዋል ሲሉን ምን እንበል?»

በማግስቱ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ባርኔጣውን አድርጎ አግዳሚው ላይ ወረደ። እኔ በአስተርጓሚነት ተከተልኩ። ጎረቤታችን የካርዱን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ እንደ መርማሪ ጠየቀ።

«ውሃው ምን ያህል ይቀዘቅዛል?»

«ደጋ ነው» አለ አባቴ። «ሌሊት ውርጭ ይጥላል።»

«ጠላት ያያል?»

«ያያል።»

«አዛዡ ከልክሏል?»

«ከልክሏል። ቀጥቶታልም።»

ጎረቤታችን የአባቱን ፎቶ ያማከረ ያህል ወደ ፎቅ ቀና ብሎ አየ። «በኛ ጦር ቢሆን» አለ፣ «ወይ ሜዳልያ ይሰጡታል፣ ወይ ይረሽኑታል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ነው። በሴዴር፣ መልካም ነው፣ ትሰለፋለህ።»

ካርዱን አስፍተን አሳተምነው። ሚግዳል ገበያ ጀርባ ፍሬም የሚሠራው ሰው ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ፣ «ፎቶው የታለ?» አለ። አባቴ «ይሄው፣ በእጅህ ይዘኸዋል» አለው። ሰውዬው የተሻለ መልስ ከኔ ለማግኘት አየኝ፤ እኔ የፍሬሙን ልክ ነገርኩት።

በሰልፉ ቀን አባቴ ኮቱን ለበሰ። አኮርዲዮን ነበረ፣ ቀይ አበባ ነበረ፣ ሜዳልያቸው እንደ ቃጭል የሚንሿሿ ሽማግሌዎች ነበሩ። በፊቶች መሃል አንድ የአባቴ ወረቀት ብቻ በማይነበብ እንግሊዝኛ ተጽፎ ከፍ ብሎ ይሄዳል። የማያውቁት ሴቶች እየመጡ አበባ ይሰጡታል፣ ጉንጩን ይስሙታል፣ እጁን ጨብጠው አይለቁም። ጎረቤታችን በሩስኛ ታሪኩን ይነግራቸዋል። ቋንቋውን ባላውቅም እጁን አያለሁ፤ በየነገረው ቁጥር ጅረቱ ይሰፋል። መጀመሪያ እስከ ጉልበት ነበር፣ ኋላ አንገት ደረሰ። ሰልፉ ሊያበቃ ሲል ጣቱን ደረቱ ላይ ሲደቅን አየሁት፤ ጥይቷ ተመልሳ ገባች። እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ሰልፉ ሲበተን ጎረቤታችን አባቴን አቅፎ በአገሩ ደንብ ሦስቴ ሳመው። እኔ መኪናውን ወደ አቲቆት ላዞር ስል አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ባሕሩ ጋ ውሰጂኝ።»

«ደክሞሃል እኮ፣ ቤት እንግባ።»

«ቤት ከመግባቴ በፊት ነው እንጂ» አለ።

ጎረቤታችንም አብሮን ስለነበር አራታችንም ሄድን። አባቴ አሸዋው ላይ ባርኔጣውንና ኮቱን ለእናቴ፣ ፍሬሙን ለጎረቤታችን ሰጠ። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ከነሸሚዙ ከነሱሪው ወደ ውሃው መግባት ጀመረ።

ጎረቤታችን ደነገጠ። እኔ ስለ ልማዱ ሳስረዳው ደግሞ ቅር አለው። «ታዲያ እኔ ነክቼው ነው?» ብሎ በዕብራይስጥ ጮኸ።

አባቴ ውሃው ወገቡ ደርሶ ዞር አለ። «ሦስቴ ስመኸኝ የለ እንዴ? ደግሞ ባንተ ብቻ አይደለም፤ አባቴን ሸኝቼ ነው።»

እናቴ «ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ምች ይመታዋል» አለች። ቀልድ አልነበረም፤ ኮቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ጎረቤታችን ፍሬሙን እንደ ራሱ አባት በሁለት እጁ ይዞ ያያል። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ራሱን ነከረ። ግንቦት ቢሆንም ባሕሩ ገና አልሞቀም። ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ቀስ እያለ፣ እግሩን እየመረጠ ወደ ዳር መጣ።

እኔ ፎጣ ይዤ አሸዋው ላይ ቆሜ ነበር። አርባን ያለፍኩ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ከመዋል ጉልበቴ የተበላሸ ሴት ነኝ። አባቴ የመጨረሻዋን ማዕበል ተሻግሮ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ፣ ቆመና አሳለው።

«በይ» አለችኝ እናቴ።

ሮጥኩ።